ዓይን መጀመሪያ ይለካ፣ የበሽታው ስም በኋላ ይምጣ

በአብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለዓይን ሕክምና የሚሰጠው ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት የሚቀርበው ትምህርትም ብዙውን ጊዜ የዓይንን አካል ተከትሎ የተደረደረ ነው፤ ከቆቡ ይነሣል፣ ኮርኒያን (የፊቱን ጥርት ያለ ሽፋን) እና ሌንስን አልፎ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የኋላ ገጽ) ላይ ያበቃል። አደራደሩ ለመጽሐፍ ይመቻል፣ ለፈተናም ይመቻል። ታካሚ ግን በመጽሐፍ ምዕራፍ ተራ አይመጣም። የሚመጣው «ዓይኔ ቀላ»፣ «ድንገት ጨለመብኝ»፣ «የሩቁ ደበዘዘብኝ» ብሎ ነው። ተማሪው ያጠናው ከበሽታ ወደ ምልክት የሚወስደውን መንገድ ነው፤ ሥራ ላይ ሲውል የሚጠየቀው ግን ከምልክት ተነሥቶ ወደ በሽታው እንዲደርስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የእይታ ሪፖርት ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰዎች የእይታ መጓደል ወይም ዓይነ ስውርነት እንዳለባቸው፣ ከእነርሱም ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑ ችግር መከላከል ይቻል የነበረ ወይም ገና መፍትሔ ያላገኘ መሆኑን ገልጿል። ይህን ያህል ሕዝብ የዓይን ስፔሻሊስት ብቻውን አይደርስለትም። አብዛኛውን ታካሚ መጀመሪያ የሚያየው ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ ያ ሐኪም ደግሞ ትናንት ዓይንን በጥቂት ሳምንታት ተምሮ የወጣው ተማሪ ነው።

ከዚህ ሐኪም የበሽታው ትክክለኛ ስም ሁልጊዜ የሚጠበቅ አይመስለኝም። የሚጠበቅበት መለየት ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ወደ ዓይን ሐኪም መድረስ ያለበት የቱ ነው? በቀናት ውስጥ ቢታይ የሚበቃው የቱ ነው? እዚያው ታክሞ ወደ ቤቱ የሚሄደውስ? ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የእይታ መለኪያ ሰንጠረዥ፣ ቀዳዳ ያለው ካርቶን፣ የእጅ ባትሪ፣ ፍሎረሲን በሚባል ቀለም የተነከረ ወረቀትና ሰማያዊ ብርሃን፣ ከተገኘም ኦፍታልሞስኮፕ (የዓይን ውስጥ ማያ መሣሪያ) ይበቃል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ መሣሪያው ሳይሆን የመለካት ልማዱ ነው።

«ያያል» መለኪያ አይደለም

ሆላንዳዊው የዓይን ሐኪም ሄርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ያሳተመው የፊደላት ሰንጠረዥ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ታካሚው 6 ሜትር ርቆ ይቀመጣል፣ አንዱን ዓይን ሸፍኖ እስከሚችለው መስመር ድረስ ያነባል፣ ከዚያ ሌላውን። 6/60 የሚባለው ውጤት ጤናማ ዓይን ከ60 ሜትር ላይ የሚለየውን ፊደል ታካሚው የለየው 6 ሜትር ቀርቦ ነው ማለት ነው። ትልቁን ፊደልም ካላየ ጣት መቁጠር ይችል እንደሆነ፣ ያ ካልሆነ የእጅ እንቅስቃሴ፣ ያም ካልሆነ ብርሃን ይለይ እንደሆነ በቅደም ተከተል ይፈተሻል።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ዓይኑን በጣቶቹ የሸፈነ ሰው በጣቶቹ መሐል አሾልኮ ያያል፤ ልጆች በተለይ ይህን ሳያውቁት ያደርጉታል። ስለዚህ በመዳፍ ይሸፈን፣ የተሸፈነው ዓይንም አይጫን። የሩቅ መነጽር ያለው መነጽሩን አድርጎ ይለካ። ሁለቱን ዓይኖች በአንድነት መለካት ደግሞ ከአለመለካት ብዙም አይሻልም፤ አንዱ ዓይን ከጠፋ ወራት ያለፈው ሰው በሌላው እያየ ሰንጠረዡን እስከ ታች ሊያነበው ይችላል።

እይታው ዝቅ ካለ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ባለው ካርቶን በኩል እንደገና ያንብብ። በቀዳዳው ሲያይ ከተሻለው ችግሩ በአብዛኛው መነጽር የሚያስተካክለው ነው። ካልተሻለው ግን ኮርኒያው፣ ሌንሱ፣ ሬቲናው ወይም የእይታ ነርቩ መመርመር አለበት። በአንዲት ቁራጭ ካርቶን የሚገኘው ይህ መረጃ ስንት ታካሚን ከረጅም ወረፋ እንደሚያድን የሚያውቅ ሐኪም ካርቶኑን ከኪሱ አይለይም። በሕክምና ካርድ ላይ «እይታ፦ ያያል» ተብሎ ተጽፎ ማግኘት ግን ያበሳጫል። ዛሬ 6/6 የነበረ ዓይን ከሳምንት በኋላ 6/36 ቢሆን «ያያል» የሚለው ጽሑፍ ለማንም የሚነግረው ነገር የለም።

ከእይታ ቀጥሎ ብሌኑ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ጥቁሩ ቀዳዳ፣ በባትሪ ይታያል። ክፍሉ ደብዘዝ ይደረግና ታካሚው ሩቅ እያየ ብርሃኑ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው በየሁለትና ሦስት ሴኮንዱ ይዛወራል። በጤናማው ላይ ሲያርፍ ሁለቱም ብሌኖች ይጠባሉ። ወደ ታመመው ሲዛወር ሁለቱም ከተለጠጡ፣ የታመመው ዓይን ወደ አንጎል የሚልከው መልእክት ደካማ ነው ማለት ነው። በማርከስ ጋን ስም የሚጠራው ይህ ምልክት የእይታ ነርቭን ወይም የሬቲናን ሰፊ ጉዳት ያመለክታል። ሞራ ብቻውን ይህን ምልክት አያመጣም፤ ዋጋውም እዚህ ላይ ነው። ወፍራም ሞራ ያለበት ሰው ይህ ምልክት ከታየበት ከሞራው ጀርባ ሌላ በሽታ አለ፤ ቀዶ ሕክምናው ብቻውን እይታውን እንደማይመልስለት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ቀይ ዓይን

ቀይ ዓይን ያየ ሁሉ ኮንጃንክቲቫይተስ (የነጩ ክፍል ስስ ሽፋን ብግነት) ብሎ ጠብታ ማዘዝ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜም ይሳካል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ቀይ ዓይን ሐኪም ቢነካውም ባይነካውም የሚድን ነው። ልማዱን አደገኛ የሚያደርገው ይኸው ነው። የዳኑት «ጠብታው ፍቱን ነው» ብለው ይመሰክራሉ፤ ዓይናቸው የተጎዳው ደግሞ ሌላ ሐኪም ቤት ስለሚሄዱ የመጀመሪያው ሐኪም ውጤቱን ሳያይ ይቀራል።

ልማዱን የሚሰብሩት ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው። እውነተኛ ሕመም አለ ወይስ አሸዋ የገባበት ያህል መቆርቆር ብቻ? እይታው ቀንሷል? ብርሃን ይፈራል? ኮንታክት ሌንስ ያደርጋል? ጉዳት ወይም የቅርብ ጊዜ የዓይን ቀዶ ሕክምና ነበረው? ለእነዚህ ሁሉ መልሱ «የለም» ከሆነና የተለካውም እይታ ደህና ከሆነ ሐኪሙ እፎይ ብሎ ዓይናሩን ሊመለከት ይችላል። ውሃ መሰል ሆኖ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ከተሻገረ፣ ጆሮ ፊት ያለችው ዕጢ ካበጠች፣ ጉንፋንም አብሮ ከነበረ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይረዳውም፣ ቀዝቃዛ ጨርቅና እጅ መታጠብ፣ ፎጣም አለመጋራት ይበቃዋል። ጠዋት ቆቦቹን የሚያጣብቅ መግል ካለ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ የክሎራምፌኒኮል ጠብታ ወይም የቴትራሳይክሊን ቅባት ይታዘዛል። ዋናው ቅሬታ ማሳከክ ከሆነ አለርጂ ነው። ነጩ ክፍል ላይ ድንገት የታየ፣ ሕመም የሌለው፣ ደማቅ ቀይ የደም ንጣፍ ደግሞ ታካሚውን ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳውም፤ የደም ግፊቱን መለካትና የደም ማቅጠኛ ይወስድ እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል፣ የራስ ምት ወይም የዓይን ጉዳት ካልቀደመው በስተቀር።

መግሉ ተጠርጎ ሳያልቅ እንደገና የሚሞላ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ የጨብጥ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ጤናማ ኮርኒያን በስቶ ሊገባ ከሚችሉት ጥቂት ተሕዋስያን አንዱ ነው። አራስ ልጅ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይኑ አብጦ መግል ካፈሰሰ በጠብታ ብቻ አይታከምም፤ በመርፌ የሚሰጥ ሴፍትሪያክሶን ወይም ተመሳሳይ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ጥቂት ቆይቶ ብዙውን ጊዜ ከአምስተኛው ቀን በኋላ የሚመጣው የክላሚዲያ ኢንፌክሽንም በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት ነው የሚታከመው፤ ተሕዋስያኑ ወደ ሳንባ ሊወርድ ስለሚችል። በሁለቱም እናትና አባት አብረው ይታከማሉ።

ሕመም፣ የእይታ መቀነስ ወይም ብርሃን መፍራት ካለ ዓይኑ ከኮንጃንክቲቫይተስ መዝገብ ወጥቷል። ፍሎረሲን ነክቶት በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ አረንጓዴ የሚያበራ ቦታ ካለ ኮርኒያው ተልጧል። ጭረቶቹ ቁመታቸው ከላይ ወደ ታች ከሆነ ከላይኛው ቆብ ሥር የተደበቀ ባዕድ ነገር አለ። ያኔ ታካሚው ወደ ታች እያየ ሽፋሽፍቱ ይያዝና ቆቡ በጥጥ በተጠቀለለ ዘንግ ላይ ይገለበጣል፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ተጣብቃ የምትገኘው ጉድፍ በእርጥብ ጥጥ ትነሣለች፣ ታካሚውም እዚያው እፎይ ይላል። በዓይን ሕክምና እንዲህ በቅጽበት የሚያስመሰግን ሥራ ብዙ የለም። ቆብ መገልበጥ ያልለመደ ተማሪ ትራኮማንም አያየውም። ከላይኛው ቆብ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሆኑ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ፍንጣሪ መሰል እብጠቶች ካሉ የዓለም ጤና ድርጅት መለያ ተሟልቷል። ሽፋሽፍቱ ተቀልብሶ ኮርኒያውን መፋቅ ከጀመረ ደግሞ ጊዜው የጠብታ ሳይሆን የቀዶ ሕክምና ነው።

በኮርኒያው ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ በተለይ ኮንታክት ሌንስ በሚያደርግ ሰው፣ የዚያኑ ቀን ይላካል፤ ዓይኑም በፋሻ አይታሸግም። በቅጠል ወይም በእንጨት የተጎዳ ዓይን ከቀናት በኋላ ጠርዙ የተበጣጠሰ ግራጫ ቁስል ካወጣ ፈንገስ ይጠረጠራል፤ ተራ አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ ናታማይሲን የሚባለው ጠብታ ነው የሚታዘዝለት። ቁስሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከተከፋፈለ የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ አሳይክሎቪር ያስፈልገዋል።

የምታስመሰግነዋ ጠርሙስ

አንቲባዮቲክና ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) የተቀላቀለበት ጠብታ በጠቅላላ ሐኪሞች ዘንድ ተወዳጅ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቅላቱ ምንም ይሁን ምን በአንድ ቀን ይቀንሳል። ታካሚው ያመሰግናል፣ ሐኪሙም ያመሰገነውን ጠብታ ለሚቀጥለው ታካሚ ይደግመዋል።

ቅርንጫፍ መሰሉ የሄርፒስ ቁስል ስቴሮይድ ሲያገኝ ይሰፋል፤ መሐል ኮርኒያውን በልቶ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። ፈንገስም ስቴሮይድ ሲያገኝ ይፋፋል። ቅላቱ እየቀነሰ ቁስሉ ስለሚያድግ ታካሚው የተሻለው መስሎት ሲዘገይ ዓይኑ ይበሳል። ሌላው ጉዳት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ስቴሮይድ ጠብታ ለሳምንታት ከተወሰደ ከሰዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ በሚሆኑት የዓይን ውስጥ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍታው በአንዳንዶቹ መጠነኛ፣ በጥቂቶቹ ብርቱ ነው። የማያቋርጥ የዓይን አለርጂ ያለባቸው ልጆች ማሳከኩን ስለሚያስታግስላቸው ጠብታውን ለዓመታት እያስገዙ ይጠቀማሉ፤ ማሳከኩ ቀንሶ ሳለ በሕፃንነታቸው ግላኮማ (የእይታ ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) እና ሞራ ይዟቸው ይገኛል። ዓይንን አጉልቶ የሚያሳየው ስሊት ላምፕ ሳይኖረው፣ ግፊትም ሳይለካ ስቴሮይድ ጠብታ የሚያዝ ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያዝዘው፤ ደንቡ እንዲያውም «በጥንቃቄ ይታዘዝ» ሳይሆን «አይታዘዝ» ቢሆን እመርጣለሁ።

የማደንዘዣ ጠብታም እንዲሁ ነው። ለምርመራ አንዴ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ጠርሙሱን ለታካሚው መስጠት ግን አይገባም። ኮርኒያው ስሜት ካጣ ራሱን አይጠግንም፣ ሕመም የሌለው ቁስል ደግሞ ማንም የማያየው ቁስል ነው።

ሰዓት የሚቆጠርላቸው

ኬሚካል ከገባ መለካትም መጠየቅም ይዘገያል፤ ይህ ከላይ ለተባለው ሁሉ ብቸኛው ልዩነት ነው። ዓይኑ ወዲያው ይታጠባል፣ በተገኘው ንጹሕ ውሃ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት። ኖራ፣ ሲሚንቶ፣ አሞኒያና የመሳሰሉት አልካሊዎች ከአሲድ የከፉ ናቸው። አሲድ ፕሮቲኑን አርግቶ ራሱን ያግዳል፤ አልካሊ ግን የሴሎቹን ስብ አሟሙቶ እስከ ዓይኑ ውስጥ ድረስ ይዘልቃል። የኖራ ፍርፋሪ ከላይኛው ቆብ እጥፋት ውስጥ ከቀረ መታጠቡ ጥቅም አይኖረውም፤ ስለዚህ ቆቡ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ይጸዳል። የአሲድና የአልካሊ መለኪያ የሆነው የፒኤች ወረቀት ካለ ገለልተኛ እስኪሆን ድረስ ይታጠባል፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም እንደገና ይለካል፣ ምክንያቱም ከሕብረ ሕዋሱ እየወጣ ሊመለስ ይችላል። ዓይኑ ነጭ ሆኖ ቅላት ካልታየበት ደስ አይበላችሁ፤ የደም ሥሮቹ ተቃጥለዋል ማለት ነው።

ድንገተኛ ግላኮማ በድንገተኛ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሆድ ወይም የራስ ምታት ታካሚ መስሎ ነው። ሴትዮዋ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል እንበል። ከማታው ጀምሮ ያስመልሳቸዋል፣ ግማሽ ራሳቸው ሊፈነዳ ደርሷል። ሐኪሙ ሆዳቸውን ዳሰሰ፣ የደም ግፊታቸውን ለካ፣ ማስታገሻ አዘዘ። ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ስለተኙ ማንም ገልጦ አላየውም። ቢታይ ኖሮ አንደኛው ዓይን የቀላ፣ ኮርኒያው ላቦት እንደያዘው መስታወት የደበዘዘ፣ ብሌኑ መካከለኛ ስፋት ላይ ቆሞ ለብርሃን የማይንቀሳቀስ ሆኖ ይገኝ ነበር። በተጨፈነው ቆብ ላይ በሁለት ጣት ቀስ ተብሎ ሲዳሰስ ከሌላው ዓይን ይልቅ ይጠነክራል። «አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታይዎ ነበር?» ቢባሉ አዎን ይሉ ነበር። የተለመደው የዓይን ውስጥ ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን በዚህ ሕመም ከ40 በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። ሕክምናው አሴታዞላማይድ 500 ሚሊ ግራም፣ የኩላሊት ችግርና የሰልፋ አለርጂ አለመኖሩን አጣርቶ፤ የቲሞሎል ጠብታ፣ አስም ከሌለ፤ ማስታወክ ማስቆሚያ፤ ከዚያም ያለ መዘግየት ወደ ዓይን ሐኪም። እዚያ አይሪሱ (ብሌኑን የከበበው ባለ ቀለም ክፍል) ላይ በሌዘር ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ተራው የሚጠብቀው ሁለተኛው ዓይንም እንዲሁ።

ያለ ሕመም ድንገት የጨለመ ዓይን ደግሞ ከቀይ ዓይን ይበልጥ ያስፈራል፣ ምክንያቱም ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል። የሬቲና ዋና ደም ቅዳ ሥር ሲዘጋ ሬቲናው ይነጣል፤ መሐሉ ላይ ቀይ ነጥብ ብቻ ይቀራል። ይህ የዓይን ስትሮክ ነው፤ እንደ ስትሮክም መታየት አለበት፣ የአንገት ደም ሥርና ልብ መመርመር ይኖርበታል። ዕድሜው ከ50 በላይ ከሆነ ተጨማሪ ጥያቄዎች አሉ፦ ሲያኝኩ መንጋጋ ይደክማል? ራስ ሲያበጥሩ ቆዳው ያማል? የሰውነት መክሳት ነበር? መልሱ አዎን ከሆነ የደም ቅዳ ሥሮች ብግነት ይጠረጠራል፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ በዚያው ሰዓት ይጀመራል፣ የቲሹ ምርመራው ውጤት አይጠበቅም። ሁለተኛው ዓይን በቀናት ውስጥ ሊከተል ይችላልና። ስለ ስቴሮይድ ጠብታ ከላይ የተባለው ለዚህ አይሠራም፤ እዚህ ጉዳት የሚያመጣው አለመስጠቱ ነው።

ብልጭታ፣ አዲስ የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ከዳር የሚወርድ ጥላ የሬቲና መላቀቅ ምልክቶች ናቸው። መሐሉ ሳይላቀቅ የደረሰ ታካሚ እይታውን ይዞ ይተርፋል፤ ስለዚህ ገና 6/6 የሚያየው ሰው ከሚያየው ትንሽ ከሆነው ይልቅ ይቸኩላል። ይህ ለተማሪ እንግዳ ይሆንበታል። ሕፃን ወይም ወጣት ዓይኑ ተገፍቶ ወደ ፊት ከወጣ፣ ዓይኑን ማንቀሳቀስም ካመመው፣ የሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ የአጥንት ክፍተቶች) ኢንፌክሽን ከዓይኑ ጀርባ ገብቷልና በደም ሥር አንቲባዮቲክና ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል። የተበሳ ዓይን ከተጠረጠረ፣ ብሌኑ እንደ እንባ ዘለላ ከተለጠጠ፣ አይጫን፣ ቅባትም አይደረግበት፤ በጠንካራ መሸፈኛ ተሸፍኖ ይላካል።

ነጭ ሆኖ የሚጠፋ ዓይን

ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አያቀላም። መሐል እይታ እስከ መጨረሻው ድረስ ስለሚቆይ ሰንጠረዡም አያጋልጠውም፤ የመለካት ድክመቱ እዚህ ነው። የሚያጋልጠው የእይታ ነርቩ ጫፍ ነው፦ መሐሉ ያለው ጎድጓዳ ሲሰፋ፣ ወይም ሁለቱ ዓይኖች እኩል ሳይሆኑ ሲቀሩ። ግፊቱ በተለመደው ወሰን ውስጥ ሆኖም በሽታው ሊኖር ይችላል። ወላጁ ወይም ወንድሙ በግላኮማ የታከመ ሰው ራሱ ቅሬታ ባይኖረውም ይመርመር። ሐኪሙ ሌላም ነገር ያስታውስ፦ ለአስም በሽተኛ «ጠብታ ብቻ ነው» ተብሎ የተሰጠ ቲሞሎል በእንባ መውረጃው ወደ አፍንጫ ወርዶ፣ ጉበትን ሳያልፍ ወደ ደም ይገባል፤ ትንፋሽንም ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒት ታሪክ ሲጠየቅ የዓይን ጠብታም ይጠየቅ፤ ጠብታ የሚያደርግ ሰውም የዓይኑን የውስጥ ጥግ ለአንድ ሁለት ደቂቃ እንዲጫን ይነገረው።

የስኳር ሕመምተኛ ዓይኑ እስኪደበዝዝ አይጠበቅም። ሁለተኛው ዓይነት ያለበት በሽታው በታወቀበት ጊዜ፣ አንደኛው ዓይነት ያለበት ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሬቲናው መታየት ይኖርበታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ያለ ሐኪም ውሳኔ የስኳር ሬቲና ሕመምን የሚለይ ሶፍትዌር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቅዷል፤ ተመሳሳይ መሣሪያዎችም እየበዙ ነው። ጥሩ ዜና ነው፤ ግን የተሠራበትን በሽታ ብቻ ነው የሚያየው፣ ታካሚውን እስከ ካሜራው የሚያደርሰውም ያው ጠቅላላ ሐኪም ነው።

የዓይን ሞራ ግርዶሽ በዓለም ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ነው፤ ጠብታም እንክብልም የለውም። «ይብሰልና ይወጣል» የሚለው ምክር የድሮ ቀዶ ሕክምና ትዝታ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአብራሪዎች ዓይን ውስጥ የገባው የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስብርባሪ ብግነት እንደማያስነሣ አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ ሰው ሠራሽ ሌንስ ከተከለ ወዲህ ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው ሞራው የታካሚውን ኑሮ ሲያውክ ነው። እንዲያውም ከልክ ያለፈ የበሰለ ሞራ ራሱ አብጦ ወይም ፈስሶ ግፊት ያስነሣል።

በልጆች ላይ ሁለት ነገር ያስቸኩላል። በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነጸብራቅ፣ ብዙውን ጊዜም ወላጆች በፎቶግራፍ ላይ የሚያዩት፣ ሬቲኖብላስቶማ የሚባል ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ «ሲያድግ ይተወዋል» የሚባል ነገር አይደለም። መንሸዋረርም እንዲሁ፦ አንጎል የሸወረረውን ዓይን መልእክት መናቅ ከጀመረ ከሰባት ስምንት ዓመት ዕድሜ በኋላ ማስተካከሉ ይከብዳል። ዳፍንት ያለበት፣ በነጩ ክፍል ላይ አረፋ መሰል ነጠብጣብ የታየበት ወይም ኮርኒያው የደረቀ ልጅ ደግሞ ቫይታሚን ኤ በዚያው ቀን ይሰጠዋል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው 200,000 ዩኒት፣ በማግስቱ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም አንዴ። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው ግማሹ፣ ከዚያ በታች ለሆነው ሩቡ። ኩፍኝ የያዘው ልጅም ዓይኑ ይታይ።

ወደ ዓይን ሐኪም የሚላከው ወረቀት

«ቀይ ዓይን፣ ለተሻለ ሕክምና» ብሎ የሚላክ ደብዳቤ የሚቀበለውን ሐኪም ከዜሮ ያስጀምረዋል፤ ወረፋ የሚያደራጀውም ሰው ታካሚውን ከተራው መጨረሻ ያስቀምጠዋል። የየዓይኑ እይታ በቁጥር ይጻፍ፣ በቀዳዳው ሲያነብም ያገኘው ውጤት። ሕመሙ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ የብሌኑ ሁኔታ፣ ፍሎረሲን ያሳየው፣ የገባው ባዕድ ነገር ዓይነት ይገለጽ። የተሰጠ መድኃኒት ሁሉ በስሙና በሰዓቱ ይመዝገብ፤ ስቴሮይድ ቀድሞ ከተሰጠ በተለይ አይደበቅ፤ የሚቀበለው ሐኪም የሚያየው ቁስል መልኩን የቀየረው በእርሱ ሊሆን ይችላልና። አለርጂ፣ አስም፣ የስኳርና የኩላሊት ሕመም አብረው ይቀመጡ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው የሚችል የተበሳ ዓይን ከሆነ የቴታነስ ክትባት መወሰዱና ታካሚው በመጨረሻ የበላበት ሰዓትም ይጻፍ።